በአንድ ማድጋ የተገዛሁ ልጅ

ሰሞኑን የስምንተኛ ክፍል ካርዴን ፍለጋ የእናቴን ማድጋ ስከፍት፣ ከወረቀቱ ቀድሞ አፍንጫዬ የደረሰው የሸክላው ሽታ ነው፤ ዝናብ የነካው አፈርና የከሰመ ጭስ አንድ ላይ የሚሸት፣ የመንደራችን የወለቃ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሽታ። አዲሱን የመታወቂያ ካርድ ለማውጣት ማስረጃ ተጠይቄ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ከአይጥም ከፍሳሽም ይጠብቃል ብላ የቤቱን ወረቀት ሁሉ የምታኖረው እዚያ ማድጋ ውስጥ ነው። ካርዱን አገኘሁት። «አበባ ታረቀኝ» ይላል፤ ተቀጥሬ ያስተማርኩትም፣ ደመወዝ የበላሁትም በዚሁ ስም ነው። የወለደኝ አባቴ ግን አለማየሁ ይባል ነበር፤ የቀበሌ መታወቂያዬም የሚለው አበባ አለማየሁ ነው። እስከ ዛሬ ሁለቱ ወረቀቶች ተገናኝተው አያውቁም ነበርና ሁለቱንም አምኜ ስኖር ቆየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። እኔ ስወለድ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መከሩና፣ ሞት ይህን ደጅ ለምዶታል፣ ልጅቱ የሌላ ሰው ትሁን ተባለ። የአገር ወግ ነው፤ ልጅ የማይበረክትላት እናት አራስ ልጇን ለጎረቤት ለይስሙላ ትሸጣለች፣ ገዢዋም ከደጃፍ አንስታ «የኔ ናት» ትላለች፣ ሞት ሰምቶ ያልፋል። እኔን የገዛችኝ ከቤታችን ዝቅ ብላ የምትኖር ቤተ እስራኤላዊት ሸክላ ሠሪ፣ እታ መልኬ ናት፤ ባሏ አያ ታረቀኝ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ባለእጅ ነበር። ዋጋዬ ያ ማድጋ ነው። በደህናው ቀን ዓይናቸውን ፈርቶ ልጁን በነጠላ ሸፍኖ በደጃቸው የሚያልፍ ሰፈር፣ ሞት ሲመጣበት ግን ልጁን ለእነሱ አደራ ይሰጥ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

ለሌላው ይስሙላ ቢሆንም እናቴ እንደ ግዝት ነው የያዘችው። የጠባሁትም ያደርኩትም እሷ ጉያ ነው፤ ሰው ፊት ግን ልጄ ብላኝ አታውቅም። አላፊ አግዳሚው «ይች ሸጋ ልጅ የማን ናት?» ሲላት ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ «የመልኬ ናት» ትላለች። እኔም እማዬ እንዳልላት ተከልክዬ በስሟ ጥሩነሽ እያልኩ አደግሁ። እስክዳር ድረስ ነበር ክልከላው፤ ከተዳርኩ በኋላ ደግሞ ሁለታችንም አፋችን አልላቀቅ አለ።

እታ መልኬ ግን ግዢውን የምሯን አደረገችው። በሃይማኖታቸው የሌላ እምነት ሰው የነካ መታጠብ ነበረበትና፣ እኔን ባቀፈች ቁጥር ወንዝ ትወርድ ነበር። «ይች ልጅ ቆዳዬን በውኃ ልትጨርሰው ነው!» እያለች ትስቃለች እንጂ ማቀፏን አልተወችም። ዳር ተቀምጬ ታጥባ እስክትወጣ እጠብቅና ገና ነጠላዋን ሳታጣፋ እጠመጠምባታለሁ፤ እሷም እየተራገመች ተመልሳ ትገባለች። ትምህርት ቤት ያስመዘገበችኝም እሷው ናት። እናቴ ጥግ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታይ ነበር። መዝጋቢው የአባት ስም ሲጠይቅ እታ መልኬ ሳታቅማማ ታረቀኝ ስትል እናቴ እፎይ አለች፤ መንግሥት ካወቀ ሞትም ያውቃል ብላ ነው መሰለኝ።

ስምንተኛ ክፍልን ባለፍኩበት ክረምት እነ እታ መልኬም እንደ ብዙ ወገኖቻቸው ወደ እስራኤል ሄዱ። መሄዳቸውን ለማንም አልተናገሩም። ያልተተኮሱ ድስቶቿ ደጃፏ ላይ እንደተደረደሩ ነበሩ፤ ዝናቡ እያሟሟ ጭቃ አደረጋቸው። ብዙ አለቀስኩ። እናቴ ከእኔ ብሳ አለቀሰች፤ ሞት ቢመጣ እኔን ማን ያስጥላል ብላ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ነው ለመታወቂያ ቢሮዋ ልጅ ማስረዳት የነበረብኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል፣ ያለ አዲሱ መታወቂያ ደግሞ ጡረታዬ አይከበርም። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እትዬ አበባ፣ እኔስ ገብቶኛል፤ ሲስተሙ ግን ሁለት አባት አይቀበልም» አለችኝ። የክርስትና ወረቀቴን ባቀርብ እዚያ ላይ ያለሁት ወለተ ጊዮርጊስ ነኝ፤ ይባስ ብዬ ሦስተኛ ሰው ሆንኩባት። ስወለድ የነበሩ ምስክሮች ይምጡ ተባለ። የመከሩት ሴቶች ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተኝተዋል፣ አባቴም እዚያው ነው፤ እታ መልኬ ትኑር ትሙት አላውቅም። በመጨረሻ ልጅቷ፣ ወላጅ እናትዎ ቀርበው የአለማየሁ ልጅ ነች ካሉ ይበቃል አለችኝ።

እናቴ በሕይወት አለች፤ ልቧ ግን አንዳንዴ እዚህ አንዳንዴ ድሮ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ደህና ነበረችና ነጭ አልብሼ በባጃጅ ወሰድኳት። ወረፋው ረዘመባት፣ ማህተሙ ሲመታ ደነገጠች፣ ዓይኗ ሲሸሽ እያየሁ ነበር። ልጅቷ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ይህች ልጅዎ ናት?» አለቻት።

እናቴ መልሳ ጠየቀቻት፦ «ምነው? ማን ልኮሽ ነው?»

«ለመታወቂያ ነው እማማ።»

«የኔ አይደለችም» አለች እናቴ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «የኔዎቹ አልቀዋል። ይችማ የመልኬ ናት፤ ሸጋ ልጅ ናት፣ የኔ ግን አይደለችም።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጥሩነሽ፣ እባክሽ» አልኩ። እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ተናደድኩ፣ ወዲያው ደግሞ በንዴቴ አፈርኩ።

ደግፌ አወጣኋት። አጥር ጥግ ስንደርስ ግራና ቀኝ አየች፣ አንገቴን ስባ አፏን ጆሮዬ ላይ ደቀነች።

«አይዞሽ ልጄ፣ አልነገርኳቸውም» አለችኝ።

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬአለሁ። የሰማሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ለራሴ ደግሞ መመስከር አልችልም።