ጅራታሙ ኮከብና የልጄ አንድ ዓይን

ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ከአጥራችን ላይ የቅንጭብ ቅርንጫፍ ሰብራ ስትጫወት ወተቱ ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሐኪም ዘንድ እስክናደርሳት ብሌኗ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ነበር፤ እንደዚያው ቀረ። ባለቤቴ በማግሥቱ ቅንጭቡን ከነሥሩ ነቅሎ ግቢያችንን በቆርቆሮ አጠረ። እኔ ደግሞ ከዚያ ጀምሮ የቀረችውን አንድ ዓይን ስጠብቅ ኖርሁ። መቀስና መርፌ ከቁም ሳጥን በላይ ነው የማስቀምጥ። ሽንኩርት ስጠብስ ወደ ምድጃው አላስጠጋትም። ነፋስ ሲነሣ ፊቷን በነጠላዬ እሸፍናለሁ፤ ቁመቷ በልጦኝ እንኳ መንገድ ላይ እንደዚያ ሳደርግ ታፍርብኝ ነበር። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። ያቺ ዓይን ከጠፋች ግን ሌላ ትርፍ እንደሌለ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ሰፈራችን ሹም አቦ ነው፤ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ከመንገዳችን አፍ ላይ ሲሚንቶና ሚስማር የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ አለች። አንድ እድር ነን፤ ልጇም ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ትማር ነበር። ሴትዮዋ ተጫዋች ናት፣ ሰው ማሳቅ ታውቃለች። የምታስቅበት ነገር ግን ሁልጊዜ የሌላ ሰው አካል ነው፤ ያንዱ አንካሳነት፣ የሌላው መንተባተብ። ልጄ በሱቋ ደጅ ስታልፍ ለተሰበሰቡት ሴቶች፣ «ሕፃኖቻችሁን ሸፍኑ፣ ባለ አንድ ዓይኗ መጣች» ትላለች። ዓይኑ የጠፋ ሰው የሌላውን ዓይን ይመኛል፣ ሲያይ ይበላል የሚል ወሬ አለ። ቡዳ ናት ማለቷ ነው። ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ካልሳቅሁ ነገሩ እውነት ይመስላል ብዬ።

ልጄን የሰማይ ነገር የያዛት ትምህርት ቤቷ አንድ ቴሌስኮፕ ያገኘ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ ክበብ አቋቋሙ፣ እሷም ገባች። አንድ ምሽት ጨረቃን አይታ መጣችና ፊቷ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፣ ፈንጣጣ የወጣባት ትመስላለች አለችን። ሌላ ቀን ደግሞ ሳተርን የምትባለዋን አየች። ትንሽ ናት፣ ቢጫ ናት፣ ግን ዙሪያዋን የከበባት እውነተኛ ቀለበት አላት አለች፤ ይህን ስትነግረን እራት እየበላን ነበር፣ ጉርሻው በእጇ ላይ ቀዘቀዘ።

«እማ፣ በቴሌስኮፕ ሲያይ ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል» አለችኝ። «እኔ መጨፈን እንኳ አይጠበቅብኝም።»

እንዲህ ብላ ስትስቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያ መስታወት ብርሃን ይሰበስባል መባሉን ሰምቻለሁ። የሚሰበስበውን የሚያፈሰው ወዴት ነው? ወደ አንዲቷ ዓይኗ ነው። ይህን እያሰብሁ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

በጥቅምት፣ ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ ጅራታም ኮከብ ይታያል ተባለ። ፀሐይ እንደ ጠለቀች በምዕራብ በኩል ብቅ ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ እሱም ይጠልቃል፤ አሁን ያላየው ሰው የልጅ ልጁም አያየውም አለችን ልጄ። የክበቡ መምህር ወላጆችም ሐይቁ ዳር እንዲመጡ ጋበዘ። ጎረቤታችን ያሉት አሮጊት ሰምተው፣ «ጅራታም ኮከብ ጦር ነው የሚያመጣ» አሉ።

«ጦሩማ ኮከቡን ሳይጠብቅ መጣ፣ እማማ» አላቸው ባለቤቴ።

እኔ ስለ ጦሩ አልነበረም የምጨነቅ። ያለ ራጅ አትሄድም አልሁ። ራጁ የባለቤቴ የደረት ራጅ ነው፤ አንድ ዓመት ሳል ጸንቶበት የተነሣው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ጨረቃ ፀሐይን ስትሸፍናት የግቢው ሰው ሁሉ በዚያ ራጅ ነው ያያት። እየተቀባበልን በባለቤቴ የጎድን አጥንቶች መካከል ፀሐይዋ እንደ ማጭድ ቀጥና አየናት። «ጎድኔን እየቆጠራችሁ እንዳይሆን» እያለ ያስቀን ነበር። በዚያን ቀን ቤቱ ራጅ ያለው ሰው የተከበረ ነበር። ዓይኔን አመመኝ ያለ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ራጅ ዓይን ይጠብቃል ብለን ያዝን፤ የለም፣ እንደዚያ አይደለም ያለንም ሰው አልነበረም።

«እማ፣ ኮከብ እኮ ነው» አለችኝ ልጄ። «በራጅ ቢያዩት ጭራሽ አይታይም።»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የምትደርሱት።»

«ሳትጠልቅ አናይማ።»

«እንግዲያው ኪስሽ ውስጥ ይቀመጥ። ምን ይከብድሻል?»

ባለቤቴ መቀሱን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ። ከራጁ ጥቁር ጥቁሩን መርጦ የመዳፍ ያህል ቆረጠላት። «ይኸው፣ ከሳንባዬ ነው የቆረጥሁልሽ» አላት። «ስታዪ እንዳያስልሽ ብቻ።»

እሱ ማታ ሥራ ስለነበረው እኔና እሷ ሄድን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ከውኃው በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ቀርታ ነበር። ከዘጌ ጫካ በስተግራ ሰማዩ አንድም ደመና አልነበረበትም። ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን ወደ ዳር እየሳቡ፣ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊያይ ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር። መምህሩ ቴሌስኮፑን በሦስት እግሩ አቆመና፣ «ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትገባ ማንም እንዳይነካ» አለ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ርእሰ መምህሩ መንገዱ ጠፍቷቸው ኖሮ ሊቀበላቸው ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ባለሱቋም ልጇን ይዛ መጥታለች። ልጅቷ አዲስ ልብስ ለብሳ ከውኃው ጋር ፎቶ ስትነሣ ቆየችና ሰለቻት። «ይኼን እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው? እስኪ ፀሐይዋን እንያት» አለች።

«በባዶ ዓይን አይሆንም» አለች ልጄ። ከዚያ እጇን ኪሷ ከተተች። «ራጅ አለኝ።»

ያን ጊዜ ፊቷን አይቼዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነገር በእሷ እጅ ሲገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። የራጁን ቁራጭ ዓይን በሚያርፍበት ጫፍ ላይ አልብሳ ከፀጉሯ ላስቲክ ፈትታ አሰረችው። ቱቦውን ቀስ አድርጋ ወደ ፀሐይ አዞረች። እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ራጁን ሳይ ልቤ ረጋ። ጎንበስ ብላ ቀኝ ዓይኗን ልታስጠጋ ስትል የባለሱቋ ልጅ በትከሻዋ ገፋቻት።

«ዞር በይ አንች። መጀመሪያ ሁለት ዓይን ያለው ይይ።»

ሰው ሳቀ። እናቷም ሳቀችና፣ «እሷማ ግማሹን ነው የምታይ፣ ብትቆይ ምን ይቀርባታል?» አለች።

ልጅቷ ዓይኗን አስጠጋች። «ቀይ ነው» አለች። «ኧረ ትልቅ ነው።» የላስቲክ ቃጠሎ ሸተተኝ። ወዲያው ልጅቷ ዓይኗን በሁለት እጇ ይዛ እየጮኸች ወደ ኋላ ወደቀች። ራጁ መካከሉ ላይ የምስር ፍሬ ያህል ተበስቶ ጠርዙ ይጨስ ነበር።

ወደ ወደቀችው ልጅ አልሄድሁም። የልጄን ፊት ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርሁና ዓይኗን አየሁ። ደኅና ነበር። «ተመስገን» አልሁ። ለራሴ ያልሁት መስሎኝ ነበር። ባለሱቋ ግን ልጇን እንደ ደገፈች ቀና ብላ አየችኝ።

ሰው ተተራመሰ። አንዱ ሲሮጥ ቴሌስኮፑን መትቶ ጣለው። ዓሣ አጥማጆቹ በጣሳ የሐይቅ ውኃ እየቀዱ የልጅቷን ፊት አጠቡ። መምህሩ እየሮጠ መጥቶ ባጃጅ አስቆመ፤ ልጅቷንና እናቷን አሳፍሮ አብሯቸው ሄደ። የቀረው ሰውም ተከትሎ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ባጃጁ ሲሄድ ፀሐይ ገብታ ጨለም ማለት ጀምሮ ነበር። ልጄ ከወደቀው ቴሌስኮፕ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። የምታለቅስ መስሎኝ ጠጋ አልሁ። አላለቀሰችም። ወደ ሰማይ ነበር የምታየው።

«እማ፣ ያውልሽ።»

ከውኃው በላይ፣ ቅላቱ ወደ ጥቁርነት በሚለወጥበት ቦታ፣ ሕፃን ልጅ በጣቱ ጠረግ ያደረገው የጠመኔ መስመር ይመስል ነበር። ከታቹ ነጥብ አለ፤ ጅራቱ ወደ ላይ ቆሟል። ቴሌስኮፕም ራጅም አላስፈለገውም። ከዚያ ሁሉ ሰው ያየነው እኔና እሷ ብቻ ነን። በዕድሜዬ እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ያን እያየሁ የሌላዋ ልጅ ዓይን ትዝ አላለኝም። ልቤ ውስጥ የነበረው ልጄ እያየች መሆኗ ብቻ ነው።

የልጅቷ ቀኝ ዓይን ከውስጥ መካከሉ ተቃጥሏል አሉ ሐኪሞቹ። በዚያ ዓይኗ ዳር ዳሩን ታያለች፤ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ፊት ግን አታይም። አዲስ አበባ ድረስ ወስደዋት ያንኑ ሰምተው ተመለሱ። ትምህርት ቤቱ ቴሌስኮፑን ቆለፈበት፤ መምህሩም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ።

ሰፈሩ ስለ ራጁ ምንም አላለም። በዚያ ራጅ ሁሉም አይቶበታል፤ ራጁ ከተወቀሰ ሁሉም ሞኝ ሊሆን ነው። የተወቀሰው የልጄ ዓይን ነው። ስትገፋት በዓይኗ ተከተለቻት አሉ። እሷ ለማየት ጎንበስ ብላ ሳለ ምንም ያልሆነው፣ ሌላዋ ስትጠጋ ስለምን ተቃጠለ አሉ። የባለ አንድ ዓይኗ እናት ደግሞ ተመስገን አለች አሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለሱቋ ልጇን ይዛ ቤታችን መጣች። ጸበል ሰንብተው ነው የመጡት። ግቡ ብላት ከበራፉ አላለፈችም። ያቺ ሰው የምታስቅ ሴት ከስታለች፣ ድምፅዋ ተሰብሯል።

«የኔ እናት» አለቻት ልጄን። እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። «የበላት ሰው እንትፍ ሲልባት ይለቃታል ብለውኛል። እንትፍ በይላት። ሌላ ምንም አልልሽም፣ ለማንም አልናገርም።»

ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላው ራሱ ምራቁን እንትፍ ሲልበት ነው ይባላል። እንትፍ ያለ ሰው ደግሞ ቡዳነቱን አመነ ማለት ነው።

ልጄ የልጅቷን አገጭ ይዛ ዓይኗን ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ እኔ የእሷን እንደማይ አድርጋ አየቻት። «እትዬ» አለች፣ «ምራቄ ዓይን የሚያድን ቢሆን ከራሴ እጀምር ነበር።»

ሴትዮዋ ተንበረከከች። የጎረቤት ልጆች በቆርቆሮው አናት ላይ ተደርድረው ያያሉ። ልጅቷ፣ «እማዬ ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው» ትላለች፤ የሚያዩንን በደኅናው ዓይኗ ለማየት አንገቷን ወደ ጎን ታዘነብላለች።

ቶሎ ቶሎ አሰብሁ። ልጄ እንትፍ ካለች ቡዳ ናት። እምቢ ካለችም ማዳን እየቻለች የጨከነች ቡዳ ናት። ከዚህ የሚያወጣት ሌላ ሰው ብቻ ነው። ደግሞ ሐይቁ ዳር ተመስገን ያልሁት እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ዓይን ሲቃጠል ደስ ያለው ሰው ከተፈለገ፣ እኔ ነበርሁ።

«ልጄን ተያት» አልሁ። «የበላኋት እኔ ነኝ።»

ልጅቷን በሁለት ጉንጮቿ ይዤ እንትፍ አልሁባት። ደገምሁ። ዓይኗን ጨፍና እንደ በግ ቆመች።

ባለሱቋ ተነሥታ የልጇን ፊት በነጠላዋ ጠረገች። የቀድሞው ድምፅዋ ተመለሰ፤ በዚያን ቀን ግን አልሳቀችም። «ድሮም አውቄዋለሁ» አለች፣ ቆርቆሮው ላይ ያሉት እንዲሰሙ። «ከእናት ነው የሚወረስ።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ቡዳ በዘር ነው የሚሄድ፤ ማንም የሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ልጄን ለማውጣት ስቸኩል ከአእምሮዬ ጠፋ። እሷ የካደችውን እኔ ለሁለታችንም አመንሁ።

ሲሄዱ ልጄ በሩን ዘጋች። «እማ፣ እምቢ ብዬ ነበር እኮ» አለችኝ። «አሁን ያንችን ምራቅ ከእኔ ላይ ማን ይጠርግልኛል?»

የልጅቷ ዓይን አልዳነም። እድር ላይ ወጥ ልሠራ ስጠጋ፣ «አንች አረፍ በይ» ይሉኛል። ልጄ ስታልፍ አሁን ሕፃን የምር ይሸፈናል፤ የሚስቅ የለም። ወሬው እስኪበርድ አንበሳሜ ከተማ ያለችው እህቴ ዘንድ ልልካት ፈልጌ ደወልሁ። ወሬው በገበያ ሰው ቀድሞኝ ደርሷል። እህቴ፣ «ልጆች አሉኝ እኮ» አለችኝ። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ከእናት ይወረሳል ቢባል እሷም አትቀርም። ይህን ልነግራት ስል ስልኩን ዘጋችው።

መብራት በጠፋ ምሽት ልጄ ከእራት በፊት ግቢ ወጥታ ወደ ላይ ታያለች። እኔ በራፉ ላይ እቆማለሁ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጆች ቆርቆሮው ላይ ተንጠልጥለው፣ «ቀስ በይ፣ ኮከቡንም እንዳትበይው» አሏት።

«ጅራታሙን በልቼ ጨርሻለሁ» አለች ሳትዞር። «አሁን ከሌሎቹ እየመረጥሁ ነው።»

ልጆቹ ዱብ ዱብ እያሉ ወርደው ሮጡ።

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» አልኋት። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ነጠላዬን ይዤ ፊቷን ልሸፍን ስል እጄን ያዘችና አወረደችው፤ ቀና ማለቷን ግን አልተወችም። ጠጋ ብዬ ዓይኗን አየሁት። ደኅና ነው።