እቅፍ አበባ ይዤ የሄድኩበት ሰርግ

ጉርድ ሾላ ላይ ትንሽ የአበባ ሱቅ አለችኝ። የሙሽራ አበባ ለማዘዝ ብቻውን የሚመጣ ሰው የለም። እናት ትመጣለች፣ እህት ትመጣለች፣ ሚዜዎች ይመጣሉ፤ አንዷ ቀይ ይሁን ስትል ሌላዋ ነጭ ትላለች፣ ሙሽራዋ መሃል ተቀምጣ ትስቃለች። እስኪስማሙ ድረስ እኔ ሥራዬን እየሠራሁ እጠብቃለሁ። ያቺ ልጅ ግን ብቻዋን መጣች።

ቦሌ ለሚ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ልብስ ትሰፋለች። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ጸጉሯ ላይ የክር ብናኝ ነበር። ነጭ ጽጌረዳ ብቻ፣ አነስ ያለ፣ ቬሎዋን የማይሸፍን እንዲሆን ፈለገች። ቬሎውን የሰፋችው ራሷ ናት። የሚያማክራት ሰው እንዳለ ስጠይቃት፣ እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች እንደማታውቃት፣ ያሳደገቻት አክስቷ ደግሞ ወሎ ታማ ስለተኛች መንገዱን እንደማትችለው ነገረችኝ። ይህን ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም። ተሰናብታኝ ከወጣች በኋላ ከደጅ ተመለሰች።

"አበባውን እርስዎ ራስዎ ቢያመጡልኝ ደስ ይለኛል" አለችኝ።

እንዲህ ያለውን በሞተር ነበር የምልከው። እሺ አልኳት።

ጽጌረዳው ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ባልዲ ውስጥ ውሃ ሲጠጣ አደረ። እሁድ ማለዳ ሱቄን ከፍቼ እሾሁን ገፈፍኩ፤ መንገድ ላይ የተጎዳውን የዳር የዳሩን ነቀልኩ። የመጀመሪያዋን አበባ በግራ እጄ ቀጥ አድርጌ ያዝኩና ሌሎቹን አንድ በአንድ ሰያፍ እያስደገፍኩ፣ በጨመርኩ ቁጥር እቅፉን ትንሽ ትንሽ አዞርኩት። እንዲህ ሲደረግ ዘንጎቹ ከታች እንደ ነዶ ይጠማዘዙና አበቦቹ ከላይ ክብ ሠርተው ይወጣሉ። አጥብቀው ከያዙት ይታፈናል፣ ለቀቅ ካደረጉት ይበተናል። ወገቡን በሲባጎ አስሬ በነጭ ሪባን ጠቀለልኩት፤ ጫፉን በስፒል ያዝኩት። መንገዱ ጭር ብሏል። እሁድ ጠዋት አበባ እያሰርኩ ብቻዬን መሆን ለምጄዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ከበደኝ።

ልጅቷ የምትኖረው ጎሮ አንድ ግቢ ውስጥ በተከራየችው ሰርቪስ ቤት ነበር። ስደርስ ለብሳ ቆማለች። አብራት ያለችው አንዲት ሚዜዋ ብቻ ናት፤ የፋብሪካ ጓደኞቿ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነው የሚሄዱት። አከራይዋ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም። አበባውን ሰጠኋት፤ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። ፊቷን እንዳይጋርደው እጆቿን ይዤ ወደ እምብርቷ ዝቅ አደረግኩላት። እጆቿ በረዶ ነበሩ።

ልሰናበታት ስል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ደረሰ።

"በሩን ማን ይይዛል?" አለች ሚዜዋ።

የሙሽሪት ወገን በር ዘግቶ ሰርገኛውን ሳያስለምን ልጅቷን አይሰጥም። እዚያ ቤት ግን ወገን አልነበረም። ልጅቷ ዝም ብላችሁ ክፈቱላቸው አለች። ይህን ስትል ወደ ግድግዳው ነበር የምታየው።

ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና በሩ ላይ ቆምኩ። የደጁ ሰው ብዙ ነበር፣ ዘፈኑም የደመቀ። እኔና ሚዜዋ የቻልነውን ያህል ዘፈንን፤ ከዘፈንኩ ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ ድምፄ ተሰነጣጠቀ።

"እናታችን፣ ያስገቡን እንጂ፣ ፀሐዩ በላን" አለኝ አንደኛው ሚዜ እየሳቀ።

"ልጄ እንዲህ በዋዛ አትገኝም" አልኩት።

ከኋላቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ መዝፈኑን ተዉት። የሙሽራዋ እናት በሕይወት እንደሌለች ተነግሯቸው ኖሮ፣ ቀረብ ብለው ምኗ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። መልሱ የመጣው ከጀርባዬ ነው።

"እናቴ ናት" አለች ሙሽራዋ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "እርስዎ" ነበር የምትለኝ።

የወለድኳት ልጅ ያገባችው ባሕር ማዶ ነው። ቪዛ ስለከለከሉኝ ሰርጓን ያየሁት በስልክ ነው፤ ምስሉ ይቆማል፣ ይቀጥላል። ስሙን የማላውቀው ሐምራዊ አበባ ይዛ ነበር፤ ማን እንዳሰረላት አልጠየቅኳትም። በሯ ላይ የቆመላት ሰው አልነበረም።

ከበሩ ዞር አልኩላቸው። ሙሽራው ገብቶ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፣ እሷም ሳመችኝ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ ብዬ መረቅኳቸው። ወደ መኪናው ስትገባ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ልብስ ቀይሬ እመጣለሁ አልኳት። እንደማልመጣ አውቄዋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ማን ተብዬ፣ ከማን ጎን እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር።

የጡሩምባው ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ቤቱን ጠራረግኩ፣ አልጋው ላይ የተዝረከረከውን ልብስ አጣጠፍኩ። አከራይዋ ስትመለስ በሩ ላይ የቀረውን ቁልፍ አስረክቤያት በታክሲ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ጎረቤቴ ልብስ ስታሰጣ አገኘችኝ። ነጠላዬ ገና ወገቤ ላይ እንደታሰረ ነው።

"ከየት ነው እንዲህ?" አለችኝ።

"ልጅ ድሬ" አልኳት።

ጎረቤቴ ልጄ የት እንዳለች ታውቃለች። ትንሽ አየችኝና "እግዚአብሔር ትዳሯን ይባርክላት" ብላ ማስጣቷን ቀጠለች።

ሙሽራዋ መጀመሪያ ሰሞን በየበዓሉ ትደውልልኝ ነበር። በኋላ በባሏ ሥራ ምክንያት ሐዋሳ ገቡ፤ ወንድ ልጅ መውለዷንም ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ እየሳሳ መጣ። አልተቀየምኳትም፤ ቤት ያላት ሴት ጊዜ የላትም። አንዳንድ ጊዜ ልደውልላት ቁጥሯን አወጣና፣ ሕፃኑን እያስተኛች ይሆናል ብዬ መልሼ እተወዋለሁ።