ቅኔው ተፈታ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ቄስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ በንዴት በገንኩ። ቄሱ ምን አጠፉ? ምንም። ቃሉ ነው የቆየ ቁስሌን የነካብኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ፣ ከአሰላ ተመድቤ ቢቸና ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። የአእምሮ ሕመም እርግማን እንዳልሆነ ለማስተማር፣ እሑድ እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ደብር እሄድ ነበር። መንገዱ በክረምት አይጣል ነው! የመረሬው ጭቃ ጫማዬን ከእግሬ እየነጠቀ ያስቀርብኛል። ምዕመናኑ ግን ጨዋዎች ናቸው። እግሬን አስታጥበው፣ ትኩስ የባቄላ ንፍሮ አቅርበው፣ የምለውን ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ይሰሙኛል። ከዚያ የሚያደርጉት ያንኑ የድሮውን ነው።

ከጠበሉ አጠገብ ሞገስ የሚባል የቅኔ ተማሪ በእግር ብረት ከወይራ ግንድ ጋር ታስሮ ነበር። ትምህርት ይገባኛል ብሎ አብሾ ጠጥቶ ነው ያበደው ይሉታል፤ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። የብረቱን ቁልፍ የቅኔ መምህሩ፣ ሁላችን የኔታ የምንላቸው ሽማግሌ ቄስ፣ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጁን በእጃቸው ነበር የሚያጎርሱት። እናቱም ከሞጣ በእግሯ መጥታ እዚያው ጎጆ ቀልሳ ታስታምመዋለች።

ለምኜ ለምኜ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ክኒን እንዲውጥ የኔታ ፈቀዱልኝ። በወሩ ልጁ ተረጋጋ። እንቅልፍ ወሰደው፣ ዳዊቱን ይደግም ጀመር። ብረቱ ግን ቁርጭምጭሚቱን በልቶት ነበር፤ ባጠብኩት ቁጥር ይሸታል።

«የኔታ፣ እብደቱ አይገድለውም። የሚገድለው ብረቱ ነው፣ ይፍቱት» አልኳቸው።

«ሰይጣኑ ወጣሁ ብሎ ሳይጮህ? ዝም ያለ ሰይጣን እኮ ያደፈጠ ነው፣ ልጄ።»

ወይ አበሳዬ! ሲጮህ አሰሩት፣ ዝም ሲል አንፈታም አሉ!

በፍልሰታ ጾም መጨረሻ እሑድ፣ የኔታ ሕዝቡን ሲያሳልሙ እሱ ዘንድ ደረሱና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ሞገስ ቀና ብሎ አያቸው።

«እሱማ ፈትቶኛል፣ የኔታ። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

ግቢው «ይበል! ይበል!» በሚል ጩኸት ተናጋ። «ሰሙ ብረቱ፣ ወርቁ ኃጢአቱ» ይላል አንዱ፤ «የለም፣ ተገላቢጦሽ ነው» ይላል ሌላው። የየኔታ ዓይን በደስታ እንባ አቀረረ። እኔ አሁን ቁልፉ ይወጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ምን ይወጣል! ቅኔውን እያደነቁ ወደየቤታቸው መሄድ ጀመሩ።

ደሜ ፈላ። «ቅኔውን ፈታችሁ ሰውየውን ትተዋላችሁ?» ብዬ ጮህኩ።

«ይበል! ሲስተርም ተቀኘች!» አለ አንድ ደብተራ። ሁሉም ሳቁ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በደብር ግቢ ጮኸሻል ተብዬ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ቁስሉን እንዴት እንደምታጥብለት ለእናቱ አሳይቼ፣ እየተበሳጨሁ ሄድኩ።

ኅዳር ላይ እናቱን ሞጣ ገበያ ጌሾ ስትሸጥ አገኘኋት።

«እማማ! ሞገስስ?»

«ተፈታ፣ ልጄ።»

እልል ብዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ነጠላዋ ከራሷ ሸርተት ሲል ነው ፀጉሯ መላጨቱን ያየሁት። ቁስሉ መርዞ ገድሎት ነበር። የኔታ ብረቱን የከፈቱት ሬሳው ሲገነዝ ነው። ፍትሐቱንም እያለቀሱ ራሳቸው አደረሱለት አለችኝ።

ባለፈው እሑድ ለወጣቱ ቄስ «አሜን» ማለት አቃተኝ። ስንት ዘመን በየኔታና በዚያ ሁሉ ይበል ባይ ስናደድ ኖሬያለሁ። ግን ያ ቁልፍ የተንጠለጠለው በማተብ ክር ነበር፤ የፋሻ መቀሴም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የሰው ማተብ እንዴት ይቆረጣል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ቢሆን እቆርጠው ነበር።