ነጭ ጋቢ ለንቦቹ

ባለቤቴ በሞተ በመጀመሪያው በጋ ውርጩ የገብሱን ማሳ እስከ ረፋድ አንጥቶት ይቆይ ነበር። ጠዋት ስነቃ አሁንም እሱ ከጓሮ የሚመጣ ይመስለኛል። ከጓሮ የሚሰማው ግን የንቦቹ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሄደ።

ትቶልኝ የሄደው አንድ ዘመናዊ ቀፎ ነው። አንድ ቀን ክንፋቸው የተጨማደደ ንቦች ከቀፎው ሥር ሲድሁ አገኘሁ። ከመሐል ሜዳ ከተማ የምትመላለሰው የልማት ሠራተኛ አንዷን አንሥታ ጀርባዋ ላይ የተጣበቀች ቀይ ነጥብ አሳየችኝ። የንብ ቅማል ናት፣ ካልረገፈች ቀፎው ለበልግ አይደርስም አለችኝ። ስኳር እንደ ዱቄት አልሜ ብነሰንስባቸው ንቦቹ እርስ በርስ ሲላላሱ ቅማሉ ይረግፋል፤ በብርድ ወራት ቅማሉ የሚደበቅበት የንብ እጭ ጥቂት ስለሆነ መሸሸጊያም የለው።

ስኳሩን በሙቀጫ ወቅጬ፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ቀፎውን ከፈትሁ። የለበስሁት የሐዘን ልብሴን ነበር፤ በላዩም ጥቁር የበግ ጠጉር ሹራብ። ንብ ጥቁርና ጠጉራም ነገር እንደማይወድ እሱ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ባንዴ ወረሩኝ፤ ክዳኑን ጥዬ ሮጥሁ።

አማቴ ደጅ መደቡ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ብዙም አይናገሩም። ተነሥተው ገቡና የእሱን ነጭ ጋቢ ይዘው ወጡ።

«ጥቁሩን አውልቂና ይኼን ልበሺ።»

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ? ሰው ምን ይለኛል፣ እማዬ?»

«ሰውም ይናደፋል፤ ማር ግን የለውም።»

ጋቢውን እሱ እንደሚያደርገው ተከናነብሁት። ገና የእሱ ጠረን አለው። ወደ ቀፎው ተመልሼ ለንቦቹ ጥቂት ጭስ ሰጠሁና ስኳሩን በወንፊት ነሰነስሁ። ንቦቹ ነጡ፤ እኔም፣ እጆቼም ነጡ። እጆቼ የእኔ አልመሰሉኝም፤ እንደ እሱ እጆች ቀስ፣ ረጋ ይሉ ነበር። ንቦቹም ዝም አሉኝ። ከሥራቸው ባነጠፍሁት ዘይት የተቀባ ወረቀት ላይ ቅማሉ እንደ ቀይ ጤፍ ይረግፋል።

ለአማቴ ላሳያቸው ዞር ልል ስል ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«አትዙሪ። ትንሽ እንደዚያው ቁሚ።»

ቆምሁ።

በልግ ሲገባ ንቦቹ በርትተው ወጡ። እኔም ወደ ጥቁሬ ተመልሼ ነበር። አማቴ ግን ፀሐይ በወጣ ቁጥር፣ «ዛሬስ ንቦቹን አታዪም?» ይሉኛል። የሚታይ ነገር ባይኖርም ጋቢውን ለብሼ፣ ጀርባዬን ለእሳቸው ሰጥቼ ቀፎው አጠገብ እቆም ነበር።