ያላለቀ ጨዋታ የገዛው ሰውዬ

በምሳ ሰዓት እኔ የምሠራበት ኮምፒውተር ቤት ይመጣል። ገና በር ላይ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ካንገቱ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል፤ ከዚያ ከእኔ በቀር ማንም የማያየውን የጥጉን ኮምፒውተር ይይዛል። ፀጉሩ ሸብቷል። ከሸሚዙ የተተኮሰው ከሹራቡ በላይ የሚታየው ኮሌታው ብቻ ነው።

የሚጫወተው ጫካ ውስጥ በረሃብና በብርድ ላለመሞት የሚታገሉበትን ጌም ነው። ሠሪዎቹ የሸጡለት ሳይጨርሱት ነው።

«ጋሼ፣ ያላለቀ ነገር ይገዛል እንዴ?» ብዬ አንድ ቀን ሳቅኩበት።

አንገቱን ደፋ። «ከዚህ በፊት ሁለቴ እንዲህ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ፤ ሠሪዎቹ ጀምረው ጥለውት ጠፉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነዚህ ግን በየወሩ የሆነ ነገር ይጨምራሉ። አሁን የቀረው የሠራሁት ቤት በር ነው፤ አልዘጋም ይላል። እሱንም ይሠሩታል… መሰለኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእንጨት ቤት ሠርቷል። ውስጡ ሦስት አልጋ አለ፤ አንዷ የልጅ ናት። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

ሲወጣ መታወቂያውን መልሶ እያጠለቀ ሁሌም አንድ ነገር ይለኛል፦ «ሰው ከጠየቀሽ፣ ኢሜይል ሊልክ ነው የመጣው በይ፤ እሺ?»

«እሺ ጋሼ» እለዋለሁ።

ይኸው ሦስት ዓመቱ። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።