ባለ አንድ ዓይኑ ቀዛፊ

በደርግ ጊዜ፣ ስምንተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት በጨረስሁበት ዓመት፣ ካርቶን ላይ ዕጣ እየጣሉ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ፈጠርሁ። ተጫዋቹ ከዘጌ ቡናና እንጨት በታንኳ ጭኖ፣ ማዕበሉንና ጉማሬውን አልፎ ባሕር ዳር ገበያ ይደርሳል። የማሸጊያ ካርቶኑን ክዳን ሥዕልም፣ ታንኳውን ከነቀዛፊውና ከነጉማሬው፣ ራሴ ሣልሁት። ቀዛፊው ወደ ከተማው ስለሚሄድ ፊቱን በጎን አደረግሁት፤ ከጎን የሚታይ ሰው ደግሞ ያው አንድ ዓይን ነው ያለው።

ደብተርና እርሳስ የሚሸጠው ነጋዴ መስኮቱ ላይ አስቀመጠልኝና፣ «እስከ ቅዳሜ ገዥ ካልመጣ ታነሺዋለሽ» አለኝ። ሰዉ ይቆማል፣ ያያል፣ ልጁን እየጎተተ ይሄዳል።

ዐርብ ዕለት ባለቤታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሆኑትን አክስቴን ይዣቸው ሄድሁ። ገና ከመንገዱ ማዶ ቆም አሉ።

«አንቺ! ይሁዳን ታንኳ ላይ ምን አወጣው?»

«ኧረ አክስቴ፣ ቀዛፊ እኮ ነው!»

«ታዲያ አንዱን ዓይኑን ምነው ነሳሽው? በአንድ ዓይን የሚሣል ከሐዲና ሰይጣን ነው። ከዚህ ሰው ጋር ማን ልጁን ያሳፍራል?»

ክዳኑን ቤት ወስጄ የቀዛፊውን ፊት ወደ ገዥው አዞርሁት፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖችም ሰጠሁት። አንገቱ ትንሽ ተጣመመ፤ እኔ የተጣመመ ነገር አልወድም፣ ግን ተውሁት። ጉማሬውን በጎን አድርጌ አንድ ዓይን ብቻ አስቀረሁለት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት እናት ካርቶኑን በብብቷ ይዛ ከመደብሩ ወጣች። ልጇ ጣቱን በጉማሬው ዓይን ላይ ተክሎ፣ «እማ፣ ክፉው ይሄ ነው አይደል?» ይላታል።