ፍየሏ የተጠራችበት ጉባኤ

ልጅ ሳለሁ ጅጅጋ ውስጥ ተረት የምሰማው ከጎረቤታችን ከአደር ሮብሌ ነበር። አደር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ የመሀል አገር ነጋዴ ልጆችም እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። በአዘቦት የፍየል ደላላ፣ ጎሳ ከጎሳ ሲጣላ ደግሞ ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ መብራት እምብዛም ስላልነበረ፣ ከመግሪብ በኋላ በግቢያቸው የሚታየን የፋኖሱ ጭላንጭልና የከሰሉ ፍም ብቻ ሆኖ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ ምንጣፋቸው ጫፍ ላይ እንደረደር ነበር።

አንዱ ተረታቸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጅብ የፍየልን ግልገል ይበላል። አራዊቱ ሊያስታርቁ ጉባኤ ይጠራሉ። አንበሳ ስለ ሰላም፣ ዝሆን ስለ አንድነት ሲናገሩ ይውላሉ፤ ይበላል፣ ይጠጣል። በመጨረሻ «በሉ ፍየሏ ትምጣና ትታረቅ» ቢባል ፍየሏ የለችም። ለጉባኤው የታረደችው እሷ ነበረች።

ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኔ ግን «ሁሉም ከበሉ፣ ታሪኩን ማን ነው ያወራው?» ብዬ ጠየቅኩ። አደር ሮብሌ ፍሙን በአመድ እያዳፈኑ «ስታድጊ ትደርሺበታለሽ፤ አሁን እናትሽ ሳትጣራ ግቢ» አሉኝ። እሳቸው ለእርቅ ሲቀመጡ የተበደለው ሳይናገር እህል አይቀምሱም፤ ባዶ ሳህናቸውን ደፍተው ይጠብቁ ነበር።

ዕድሜዬን በሰው አገር ፈጅቼ፣ ስለ ሰላም የተጻፈ ስንት መጽሐፍ አገላብጬ ከለውጡ በኋላ ተመለስኩ። አንድ ቀን የሲቪክ ማኅበራት ኅብረት ወደ አንድ ሆቴል አዳራሽ ጠራኝ፤ የአገር እናት ሆኜ ፊት እንድቀመጥ። ስለ ሰላምና ፀጥታ በቅንጅት ለመሥራት የተሰበሰቡት ማኅበራት፣ የማን ዓርማ ከማን በላይ ይሰቀል ሲባባሉ ረፋዱ አለፈ።

ከኋላ ወንበር ሳህራ የምትባል ከሀርሺን የመጣች እናት ነበረች። ጎሳዋ ከሌላው ጎሳ ተጣልቶ፣ እነዚያ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ቢርካ ዘግተውባታል። ዝናቡ እስኪመጣ ፍየሎቿ አይቆዩላትም። የሁለቱም ጎሳ ሽማግሌዎች እዚያው አዳራሽ አሉ፤ ነገር ግን አንዱን የፀጥታ ቡድን፣ ሌላውን የልማት ቡድን ውስጥ መድበዋቸው ሳይገናኙ አረፈዱ።

የስብሰባውን አስተባባሪ ጠርቼ ሳህራ መቼ እንደምትናገር ጠየቅኩት።

«እማማ፣ ሰዓት የለም። ከምሳ በኋላ እናያለን።»

«ከምሳ በኋላማ ታንቀላፋላችሁ።»

«የሷ ጉዳይ እኮ መግለጫው ውስጥ ተካቷል።»

«ገና መች ተናገረችና?»

«መግለጫው ትናንት ነው የተጻፈው» አለኝ፣ ምንም ሳይከብደው።

ምሳው ሩዝ በፍየል ሥጋ ነበር። እኔ ባዶ ሳህኔን ደፋሁ። ሳህራ አየችኝና የሷን ደፋች። ከወዲያ ጠረጴዛ አንደኛው ሽማግሌ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላኛውም እንዲሁ አደረጉ፤ ሥርዓቱን ያውቁታል። ተነስተው መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡና አስጠሯት። መጀመሪያ እሷ ተናገረች። አዳራሹ ፍራፍሬውን ሳይጨርስ፣ ዝናብ እስኪጥል ፍየሎቿ ከቢርካው እንዲጠጡ ተስማሙ።

አስተባባሪው ዓርማዎቹ የተደረደሩበትን ባነር አስይዞ እየሮጠ መጣ። «አባቶች፣ መጨባበጡን አንዴ ድገሙልን፤ ሳህራ፣ ፈገግ በይ እንጂ።» ደገሙለት።

ስንለያይ በተሰባበረ ሶማልኛዬ ተረቱን አወራኋት። ታውቀዋለች።

«ማን እንዳወራውስ?» አልኳት።

«ያልበላው ነዋ፣ ኤዶ» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «ርቦሻል?»

«በጣም።»

«እኔም» ብላ ሳቀች።

ፎቶው በኋላ የማኅበራቱ ቅንጅት ፍሬ ተብሎ ወጣ። አሁንም አንዳንዴ አየዋለሁ። ሳህራ ከዓርማዎቹ ሥር ቆማለች፣ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይጨባበጣሉ። ከኋላቸው በአዳራሹ መስታወት ውስጥ ሰው ሁሉ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይታያል። የአደር ሮብሌ ከሰል ጭስ ከልብሴ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ያቺ የልጅነት ጥያቄዬ ግን መልሷን ያገኘችው ያን ቀን፣ በባዶ ሆዴ ነው።